በግራዬ በኩል የነገርሽኝ

እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለድንቡሼ ልጄ፣ ስልክ ለማታነሺልኝ፤

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንሽን ባልሽ ይነግረኛል። ስልኩን እያነሳ «ተኝታለች» ይለኛል። ጠዋት ስደውል ተኝታለች፣ ቀትር ላይ ስደውል ተኝታለች፣ አመሻሽ ላይ ስደውል አሁን ገና ጋደም አለች። እርጉዝ እንቅልፍ እንደምታበዛ አውቃለሁ፤ እኔም አንቺን አርግዤ ነበር፣ እንዲህ ግን አልተኛሁም። ያን ምስኪን ውሸት ስታስተምሪው አያሳዝንሽም? ሲዋሽ እኮ ድምፁ ይቀጥናል። በዚያ ላይ ከጀርባው ሳህን ስታጥቢ ይሰማኛል።

ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቀደሽ ልትጥይው ብታስቢ እንኳ መጀመሪያ ታነቢዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ልለምንሽም ልለማመጥሽም አይደለም የጻፍኩት። ተናድጃለሁ። ከአሁኑ እወቂው፣ ኋላ እንዳትደነግጪ። በአክስትሽ ተናድጃለሁ፣ በሞተችው እናቴ ተናድጃለሁ፣ በአባትሽ ተናድጃለሁ፣ በአንቺም ተናድጃለሁ። በራሴ እንዳልናደድ ራሴን ገና በደንብ አላውቃትም። ምን ማለቴ እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል።

መጨረሻ የተነጋገርን ቀን ምን እንዳልሽኝ ላስታውስሽ። እኔ፣ አንቺ ስትወልጂ መጥቼ ላርስሽ፣ ፈቃድ ልጠይቅ አልኩሽ። አንቺ «አትምጪ፣ የባሌ እናት ትበቃኛለች» አልሽ። የባልሽ እናት! እኔ ሳልሞት! ለምን ብዬ ስጮህብሽ አንቺ ድምፅሽን እንኳ ከፍ አላደረግሽም። «እማዬ፣ ሻንጣ ገዝተን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነገርኩሽ። ለሥራ ርቄ መሄድ ፈርቻለሁ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ አልኩሽ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ በመስኮት ስታይ ቆየሽና፣ ‹ዚፑ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም› አልሽኝ። እኔ ያን ቀን ነው እናቴን የቀበርኳት። ልጄ እንዲህ ያለ ዝምታ እንድታይ አልፈልግም» አልሽና ዘጋሽው።

እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ውሸታም!» አልኩ። ለተዘጋ ስልክ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ።

ውሸታም ያልኩሽ ከልቤ ነበር። አውቶቡሱ ትዝ ይለኛል። ሻንጣው ትዝ ይለኛል፣ ቡናማ ነው፣ ጭኔ ላይ አድርጌው ዚፑን ስስብ ስመልስ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዚፕ አይቼ አውቃለሁ፤ ሌላ ነገር ማድረግ ስላልቻልኩ ያንን አደርግልሽ ነበር። አንቺ ግን አንድም ቃል አልተናገርሽም። ፍርድ ቤት ብቀርብ እጄን አንስቼ እምልልሽ ነበር፤ ይህች ልጅ መንገዱን ሙሉ አፏን አልከፈተችም ብዬ። እንደውም ልቤን የሰበረኝ እሱ ነበር። ልትሄድ ነው፣ አንድ ቃል እንኳ አትወጣትም፣ ከእኔ ለመራቅ ቸኩላለች ብዬ ነው ወደ መስኮቱ የዞርኩት። ስለዚህ ፈጥራ ነው ያወራችው፣ አትምጪ ለማለት ሰበብ ፈልጋ ነው ብዬ ከሰስኩሽ።

ከዚያ ፋብሪካችን የጆሮ ምርመራ መጣ። የስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ስላላቸው ልብስ ሰፊው ሁሉ ይመርመር ተባለ። እኔ ሳቅሁ። ከሁለት ረድፍ ማዶ መርፌ ሲሰበር የምሰማ፣ የማን መኪና ዘይት እንደጠማው በድምፁ የምለይ ሴት ነኝ፤ እኔን ምን ሊመረምሩ ነው? ተራዬ ሲደርስ ያልተጨረሰ ኮሌታ መኪናዬ ላይ ጥዬ ወረድኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ መኪና አቁመዋል፣ ውስጡ ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል አለች፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ ነው። መርማሪዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። ማዳመጫውን ራሴ ላይ ደፋችልኝና «ድምፅ ሲሰሙ ይህችን ቁልፍ ይጫኑ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን እናያለን» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ቀኙ ተጀመረ። እንደ ጫጩት ጭው ጭው ይላል፤ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። በጣም ቀጭን የሆነውን እንኳ አላሳለፍኩም። ከዚያ ጸጥ አለ። ግራውን እስክታዘጋጅ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። በመስታወቱ ውስጥ ትታየኛለች፤ የሆነ ነገር ትጠመዝዛለች፣ ታየኛለች፣ እንደገና ትጠመዝዛለች፣ ታየኛለች። ሰዎቹ ሥራ የላቸውም እንዴ? ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ ግራውን ጀምሪልኝ፣ ሥራ አለኝ!» ብዬ ጮህኩ። በሩን ከፍታ ገባች።

«ጨርሰናል እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ግራውን። ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማዎት?»

«ይሰማኛል!» አልኳት። ስልኳን አወጣችና ዘፈን ከፍታ ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው፣ ቀኙን በመዳፏ ድፍን አደረገችው። ዘፈኑ ጠፋ። መዳፏን አነሳች፤ መጣ። ደፈነች፤ ሄደ። ክው አልኩ። «እስቲ ድገሚው» አልኳት፣ ደገመችው። ያው ነው።

«ስልክ በየትኛው ጆሮዎ ነው የሚያናግሩት?» አለችኝ። በቀኝ አልኳት። «ለምን በቀኝ?» ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ለመጻፍ ቀኝ እጅ፣ ለስልክ ቀኝ ጆሮ አይደል እንዴ? ሰው ሁሉ እንዲያ የሚያደርግ ነበር የሚመስለኝ። አትሳቂብኝ። ወይም ሳቂ፤ ሴትዮዋም ሳቀች፣ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔም ያኔ ነው የፈራሁት። በልጅነትዎ ጆሮ ደግፍ ይዞዎት ነበር ወይ፣ እሱ ነርቩን ሳይገድለው አልቀረም፣ መድኃኒት የለውም፣ ቀኙን ግን ይጠብቁት አለችኝ። «እስከ ዛሬ ሰው ሳይነግርዎ እንዴት ቀረ?» አለች ደግሞ። እኔም ወደ መኪናዬ ስመለስ እሱኑ እያሰብኩ ነበር። እንዴት ቀረ?

በግራዬ የምትሠራውን ሴት ታስታውሻታለሽ፣ ዚፕ ስለምትሰፋ ባለ ዚፕ የምንላትን። ቁጭ ከማለቴ «አንቺ፣ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ትይኝ ነበር?» አልኳት፣ ዞሬ ፊት ለፊት እያየኋት። «ድሮ ድሮ። ስትዘጊኝ ጊዜ ተውኩት» አለች። «ለምን ነካ አላደረግሽኝም?» ብላት፣ «ማን ያንቺን ግልምጫ ይነካል!» አትልም? ግልምጫ የምትለው እኮ አንገቴን ጠምዝዤ በቀኝ ጆሮዬ ልሰማ ስሞክር ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ለመስማት ስዞር ሰው የገላመጥኩት እየመሰለው ይሸሸኝ ነበር። ነገሩን ስነግራት በያዘችው ጨርቅ ጀርባዬን ደበደበችኝና «ልጄን ስድር ሳትመጪ የቀረሽው ለዚያ ነው?» አለች። ልጅ መዳሯንም አልሰማሁም ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ኩሩዋ ነው የምባለው። አንቺም ታውቂያለሽ፣ በፋብሪካውም በሰፈሩም ስሜ እሱ ነው። ሰላም ሲሏት የማትመልስ፣ ሲጠሯት የማትዞር፣ ሰው ሲስቅ ዝም ብላ የምታይ። ሲሉኝ ሲሉኝ አመንኩ። ካመንኩ በኋላ ደግሞ ልኬ እስኪሆን እያጠበብኩ እያሳጠርኩ ለበስኩት። ሰው ሰብሰብ ያለበት አልወድም እል ነበር፤ ለካ አልሰማም ነበር። ወሬ አልወድም እል ነበር፤ ለካ ግማሹ ስለማይደርሰኝ ነው። ብቻዬን መሆን ይስማማኛል ብዬ ስንቱን ጓደኛ ሸኘሁ! ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ምናልባት ጨዋታ ወዳድ ነበርኩ። ምናልባት ሳቂታ ነበርኩ። ስልሳን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ ከራስሽ ጋር ተዋወቂ ይሉኛል። ድንቄም ትውውቅ!

አባትሽ አልጋ ላይ በግራዬ ነበር የሚተኛው። በር በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ሌሊት የሚነሳው እሱ ስለሆነ። መብራት ካጠፋን በኋላ የሚያወራኝን ሁሉ ለትራሱ ነበር የሚያወራው። «ከግድግዳ ጋር መኖር ሰለቸኝ» ብሎ ሲወጣ፣ እኔ ምን በድዬው እንደሆነ እስከ ዛሬ ሳሰላስል ኖሬያለሁ። አሁን ሳውቅ አዘንኩለት እንዳይመስልሽ። እጅ አልነበረውም? ትከሻዬን ይዞ ማዞር አቅቶት ነው? ሰው ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ፊቷን አያይም እንዴ? እሱንም ስጽፍ ነደደኝ፣ ይቅር።

የአውቶቡሱ ነገር የመጣብኝ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ኮሌታ ስገለብጥ ነው። ኮሌታ ሲገለበጥ ጫፉ ሹል ሆኖ እንዲወጣ በጣት ቀስ አድርጎ መግፋት ይፈልጋል፤ እጄ እሱን ይሠራል፣ ሐሳቤ ይዞራል። ወትሮ አብረን ስንሄድ አንቺን በቀኜ ነበር የማስቀምጥሽ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ። ያን ቀን ግን አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ሻንጣው መተላለፊያ እንዳይዘጋ ብዬ እኔ ወደ መስኮቱ ገባሁ። አንቺ በየት በኩል ሆንሽ? በግራዬ። አንገትሽን አቀርቅረሽ፣ ያቺን ቀጭን ድምፅሽን ይዘሽ፣ በግራዬ! ኮሌታው ከእጄ ወደቀ። ባለ ዚፕ «ምነው?» ስትለኝ አልሰማኋትም፤ ይህን ደግሞ በኋላ እሷ ነች የነገረችኝ።

አልዋሸሽም ነበር። ነግረሽኛል።

የዚያን ቀን ከሥራ በቀጥታ አክስትሽ ቤት ሄድኩ። ሳሎኗ ውስጥ ያን የሚያማትን ጉልበቷን ዘርግታ ልብስ ታጣጥፋለች። ሰላምታም ሳልሰጣት «እትዬ፣ ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አልኳት። እጇ አልቆመም። የያዘችውን ፎጣ አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች፣ ከዚያ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

አየሽልኝ? «ወይኔ እህቴ» አላለችም። «መቼ? እንዴት?» አላለችም። «ማን ነገረሽ!»

ከዚያ ተቀምጣ ተረከችልኝ። ገና አፍ ሳልፈታ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ነበር። ከተሻለኝ በኋላ በግራ ሲጠሩኝ እንደማልዞር እናቴ አየች። ልጆቿን ሰብስባ፣ ይህች ልጅ ጎዶሎ ናት ከተባለ የሚያገባት የለም፣ ለሰው እንዳትናገሩ አለቻቸው። ለእሷም አትንገሯት፣ ልጅ አፏ አይያዝምና ራሷ ታወራዋለች አለች። አስማለቻቸው። ከዚያ ሥርዓት አወጣችላቸው፤ በቀኟ ተቀመጡ፣ በቀኟ ሂዱ፣ በቀኟ ጥሯት። ገበታ ስንቀርብ የግራው ጫፍ ላይ የኔ ቦታ ነበረች፣ ማንም አይነካብኝም። እኔ ደግሞ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ የተሰጠችኝ የክብር ቦታ ነበር የምትመስለኝ! እንግዳ ሲመጣ እንኳ እንዳያስነሱኝ አኮርፍ ነበር። «ምን አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች። እትዬ እንደነገረችኝ፣ ቁንጥጫው «አታስደግሚ፣ ሰው ያውቅብሻል» ማለት ነበር። እኔ የማውቀው ቁንጥጫውን ብቻ ነው። ያልሰማሁትን መጠየቅ ነውር ነው ብዬ አደግሁ፤ ራሴን ነቅንቄ ማለፍ ተማርኩ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። ያድርገኝ! እናቴ ሰው እንዳያውቅብኝ ብላ እኔም እንዳላውቅ አደረገችኝ። ለባል ብላ! ባሉንም ይኸው አየነው።

«እሺ ያኔስ ልጅ ነበርኩ፤ ካገባሁ በኋላስ?» አልኳት እትዬን። «ባሌ ጥሎኝ ሲሄድስ? እናታችን ከሞተች በኋላስ?» እሷም ተቆጣች። «አንቺ ዛሬ አውቀሽ ትጮሂያለሽ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በቀኝሽ ስቆም ነው የኖርኩት። መንገድ ስንሻገር፣ ሰው ቤት ስንሄድ፣ ፎቶ ስንነሳ እንኳ። ባሌን ትቼ ካንቺ ጎን ስቀመጥ ሰው ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ለእናቴ ምያለሁ። ስትሞትም እጄን ይዛ አደራ ብላኛለች» አለችኝ። እውነት ለመናገር፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቤ ራርቶ ነበር። ቀጥላ ያለችውን ባትል ኖሮ ይቅር ብያት እወጣ ነበር።

«ልጅሽ ያን ቀን እዚህ መጥታ ነበር» አለችኝ። «የቱን ቀን?» አልኳት። «ሻንጣ የገዛችሁ ቀን፣ ወደ ማታ። እዚህ ተቀምጣ አለቀሰች። ፈራሁ ብዬ ለእማዬ ነግሬያት ዝም አለችኝ አለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ፎጣውን አነሳች፣ አስቀመጠች። «እናትሽ እንዲህ ናት፣ ኩሩ ናት፣ አመሏ ነው ተያት አልኳት።»

«ጆሮዬ መሆኑን አላወቅሽም ነበር?»

«ወዲያው ነው የገባኝ» አለች። ምን ታድርግ፣ እሷም ዋሽታ አታውቅም፣ መደበቅ ብቻ ነው የምታውቀው።

ወዲያው ነው የገባት! «በየት በኩል ተቀምጠሽ ነበር?» ብላ ብትጠይቅሽ ኖሮ አልቆ ነበር። ወይም ስልኩን አንስታ «ልጅሽ የነገረችሽን ሰምተሻል?» ብትለኝ። ለሞተች ሴት የገባችውን መሐላ ለመጠበቅ ሁለት በሕይወት ያለን ሰዎች ለያየች። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተነሳሁ። ያጣጠፈችውን ሁሉ ከሶፋው ላይ ጠርጌ ወለሉ ላይ በተንኩት። የሚሰማ ሁሉ ይስማ ብዬ ጮህኩ፣ ጎረቤቷ በር አንኳኳ። አንድ ሸሚዝ እግሬ ላይ ወድቆ ኮሌታው ወልገድ ብሎ ሳየው ደግሞ እሱም አናደደኝ፤ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚሰፋው! እትዬ እያለቀሰች፣ ያን ጉልበቷን እየጎተተች እስከ ውጭ በር ሸኘችኝ። በየት በኩል ሆና እንደሸኘችኝ ልንገርሽ? በቀኜ። አሁንም በቀኜ! ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኳትም። አንቺ ግን ደውዪላት፣ ምግብ አትበላም አሉ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አንቺም አትቀሪም።

አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረሽ ሄድሽ! ልጅ ሳለሽ ጫማ አይተሽ ስትፈልጊ ቀሚሴን ይዘሽ ከሱቁ እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ ሱቁ ታለቅሺ የነበርሽ ልጅ፣ ነፍስሽ ስትጨነቅ አንዲት ቃል ተንፍሰሽ ዝም? ክንዴን ብትነቀንቂው ምን ነበረበት? «እማዬ፣ እያነጋገርኩሽ ነው!» ብለሽ ብትጮሂብኝ፣ ሻንጣውን ከጭኔ ላይ ብትወረውሪው! ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ምግቡ እንዴት ነው ስልሽ ደህና፣ ሥራው እንዴት ነው ስልሽ ደህና። ይህን ሁሉ ዓመት ያን ነገር ይዘሽ ደህና ትይኝ ነበር? ይህን ኩራት ከማን እንደወሰድሽው ስጠይቅ፣ ከእናቷ ነው ይሉኛል። እኔ እኮ ኩሩ አልነበርኩም! ከሌለኝ ነገር ወረስሽ።

እሺ፣ ብሰማሽ ኖሮስ ምን እልሽ ነበር? ይህን ልጽፍልሽ ስል ነው ወረቀት ያበላሸሁት። «ቅሪ እልሽ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። እንዲያ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፣ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልዋሽሽም፣ አላውቅም። ያን ጊዜ ኩሩ ነኝ ብላ የምታምን ሴት ነበርኩ፤ እንዲህ ያለች ሴት «ሂጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው» ብላ ነው የምትመልሰው፣ ኋላ ኩሽና ገብታ ልታለቅስ። ወይም ደግሞ ሻንጣውን እዚያው አውቶቡስ ላይ ጥዬው፣ አንቺን ይዤ ወርጄ ይሆናል። አላውቅም። ጨጓራዬን የሚልጠው ይኸው ነው። ጆሮዬን በሽታ ወሰደው፣ ይሁን። መልሴን ግን ሰዎች ናቸው የወሰዱብኝ። የልጄ እናት ነኝ፣ ልጄ ጠየቀችኝ፣ እኔ ግን አልተጠየቅሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለማንም አልነገርኩትም። አባትሽ ከሄደ በኋላ ብቻዬን አልተኛም ብለሽ እኔ ጋ መጣሽ። እንዳትወድቂ ብዬ በግድግዳው በኩል አስተኛሁሽ። አልጋውን አዙሬው ስለነበር ግድግዳው በግራዬ ነበር። መብራት ሳጠፋ ተጠግተሽ አፍሽን ጆሮዬ ላይ ትለጥፊና ትንፋሽሽ ይሞቀኝ ነበር። ትንፋሽሽ ብቻ። ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ እንዳላነቃሽ ሳልነቃነቅ እተኛ ነበር። በዚያ ዕድሜ አፏን ጆሮ ላይ ለጥፋ ዝም የምትል ልጅ የት አለች? ታወሪኝ ነበር። ምን ነበር የምታወሪኝ? ስለ አባትሽ ነው? ትምህርት ቤት የሚመታሽ ልጅ ነበር? የምትፈሪው ነገር ነበር? እየጠየቅሽኝ ነበር? ያችን ትንፋሽ ሳስባት ነው የምናደደው ሁሉ ቀርቶ ሌላ የሚሆነው፤ ስለዚህ ብዙ አላስባትም።

ፈቃዴን ጠይቄ ወስጃለሁ። አለቃዬ ኮሌታ የሚሰፋ ሰው የለኝም ብሎ ሲያንገራግር እኔም እናት የላትም የምትባል ልጅ አለችኝ አልኩት፣ ፈረመልኝ። መውለጃሽ ሳይደርስ እመጣለሁ። ከባልሽ እናት ጋር አልጣላም፣ እሷ ምን አደረገችኝ። ታብስልልሽ፣ እኔ አጥባለሁ። «አትምጪ» ማለት ከፈለግሽ ግን በባልሽ አፍ አይሆንም፣ በስልክም አይሆንም። በር ላይ ቆመሽ ፊት ለፊቴ በይ፣ እመለሳለሁ። እምልልሻለሁ፣ ቃል ሳልናገር ሻንጣዬን አንስቼ እመለሳለሁ።

ካስገባሽኝ ግን ያንቺ አልጋ ላይ ነው የማድረው። ባልሽ ሶፋ ላይ ይተኛ፣ እንቅልፋም አንቺ እንደሆንሽ ነው የነገረኝ። እንደ ድሮው ተጠግተሽኝ ትተኛለሽ፣ አሁን ግን በቀኜ። ያኔ ያወራሽኝን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ታወሪኛለሽ። ከግድግዳው ጊዜ ጀምሮ እስከ አውቶቡሱ። የረሳሽውን እንኳ እየፈጠርሽ ንገሪኝ፣ ውሸታም አልልሽም። አንድም ነገር አልመልስልሽም፣ አልመክርሽም፣ አልቆጣሽም። እሰማሻለሁ ብቻ።

ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። ልጅሽ በሁለቱም ጆሮዋ የምትሰማ ትሁን፤ አንዱ ባይሰማላትም የሚነግራት ሰው አትጣ።

እናትሽ